ክፍል ሰባት

ግዲኒያ፣ የካቲት፤ የባልቲክ ነፋስ በር ይገፋል፣
የብሮንካ ሱቅ ቃጭል ሰው ሳይገባ ይጮኻል።
ያገለገለ ጌም ትገዛለች፣ መልሳ ትሸጣለች፣
ዲስኩን ከአምፖል ሥር ይዛ እያገላበጠች
ጭረቱን እንደ ዓይን ሐኪም ጎንበስ ብላ ታያለች።
እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መደርደሪያ አስተካክላለሁ፣
ደመወዜን አብዛኛውን በጌም እቀበላለሁ።

ፄዛሪ ገባ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ አፍንጫው ቀልቷል፣
የስሙ ቀን ሳንቲም በኪሱ ይንሿሿል።
መቶ ሃያ ዝሎቲ። ለአንድ ይበቃል፣ ለሁለት ግን የለም፤
እንዲህ ያለ ጭንቅ ለንጉሥም አይሰጥም።

በቀኝ ሰባተኛው፤
ያው ጀግና፣ ያው ጎራዴ፤ ሽበት ብቻ ነው የጨመረው።
በግራ፣ ስሟን ማንም ያልሰማው
አንዲት ፋኖስ ለኳሽ፣ ለገዢው ጀርባዋን ሰጥታ፣
ፊቴን ማየት የሻ ይክፈል ያለች ይመስል፣ ቆማለች ኮርታ።

«የትኛው ይሻላል?» አለ።
ብሮንካ መነጽሯን መጥረግ ያዘች።
የእኔ አፍ ግን መቼ ያርፋል፦
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።
ስድስቱን ጨርሰሃል፤ ፈረሱ ኮቴህን ይለያል፣
ሽማግሌው ቁልፉን የት እንደሚደብቅ እጅህ ሳታዘው ያውቃል።
ከትምህርት ቤት ደክሞህ፣ ጓንትህ ረጥቦ ስትመለስ
ዳዴ ልትል ነው ወይ፣ በሰው አገር፣ እንደ አዲስ?»

ልጁ ሽፋኑን በጥፍሩ ቧጠጠ።
«ሰባተኛው አንደኛ በነበረ ጊዜ፣
ማን ነው ያኔ የገዛው?»

መልስ አጣሁ፤ ካርቶን የማነሣ መሰልኩ።
ብሮንካ ከባንኮኒው ጀርባ «እኔ ነኛ» አለች፤
«ሻጩ ራሱ አፍሮበት በግማሽ ዋጋ ሸጠልኝ» ብላ ሳቀች።
ልጁ ፋኖስ ለኳሿን በብብቱ ይዞ ወጣ፤

በሳምንቱ፣ ነፋሱን ቀድሞ፣ እየተቆጣ መጣ።
«በሩ አይከፈትም! ሦስተኛው ጎዳና ላይ ያለው!
ቁልፉ አለኝ፣ ፋኖሱ በርቷል፣ ምን ቀርቶኝ ነው?
ትገፋዋለች፣ ትገፋዋለች፣ ከእንጨቱ ትጣበቃለች፣
እግሯ አየር ይረግጣል፤ እዚያው ትሮጣለች።»

ብሮንካ ታውቅ ኖሯል። ሰሪዎቹ ሁለት እህትማማች ናቸው፣
ኦልሽቲን ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነበር ክፍላቸው፤
ገንዘቡ ከበሩ በፊት አለቀባቸው።
አንዷ ባንክ ገብታለች፤ ሌላይቱ ደብዳቤ አትመልስም።
«አላልኩህም?» ልል ፈለግሁ፤ ፊቱን አይቼ አልተናገርኩም።

በምትኩ ሰባተኛውን ወሰደ፤ በዘጠኝ ቀን ጨረሰው።
«ጥሩ ነው» አለ፣
ሰው ሆስፒታል ስለ ጠጣው ሾርባ እንደሚለው።
ከዚያ መስኮቱ ላይ፣ የትንፋሻችን ላብ ላይ፣ በጣቱ በር ሣለ፤
«ከጀርባው ግን ምን ነበር?» አለ።
ቀጥሎም ብሮንካን ቀና ብሎ አይቶ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብድር እንደሚጠይቅ፦
«ክፍል ሁለት አይወጣም?»

እኔ አልዋሽም፤ ዛሬም የሰባተኛው ወገን ነኝ።
ቀኑን ሙሉ የመርከብ ሆድ ስፍቅ ውዬ
አዲስ ዓለም የሚሸከም ትከሻ ከየት ይምጣልኝ?
ስድስተኛው ላይ የሞተው ፈረስ ውርንጭላው በሰባተኛው ሲመጣ
ባዶ ክፍሌ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰላም አልኩት።
ያረጀ ጫማ እግር አይጠይቅም፤
ስምንተኛው የወጣ ዕለትም ከሰልፉ አልጠፋም።

ያቺ ግን አልተሸጠችም፤ ዋጋዋ አምስት ዝሎቲ ደርሷል።
ቅዳሜ ማታ መዝጊያው ወርዶ ግማሹ መብራት ሲጠፋ
ብሮንካ «እስቲ አንድ ጊዜ» ትላለች፤
ጆይስቲኩን እይዛለሁ፤ ፋኖስ ለኳሿ ትጠጋለች፣ ትገፋለች።
«ትንሽ ወደ ግራ፣ ልጄ» ትላታለች፣
እንደ ሰው።
የመጨረሻው አውቶብስ መንገዱን አብርቶ ያልፈናል።
መስታወቱ ላይ የልጁ በር ወዝቶ፣ ቀጥኖ፣ ወደ ታች ይፈሳል።
አይከፈትም።

«ወደ ቀኝስ?» እላለሁ።